ባዶ አፓርታማ፣ ትንሽ ብር፦ አዲስ ለመጣችሁ

ይሄ በተለይ አሜሪካ መጥታችሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ አፓርታማ ለተከራያችሁ ነው። ቁልፉን በተቀበላችሁ ማታ ሳሎን ገብታችሁ ማብሪያውን ስትጫኑ ምንም ላይበራ ይችላል። አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። ብዙ አፓርታማ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ጣሪያ ላይ አምፖል የለውም፤ ማብሪያው የተያያዘው ከአንዱ ሶኬት ጋር ነው፣ እዚያ ላይ የቁም መብራት ትሰካላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ሶፋ ሳይሆን መብራት ነው። ማቀዝቀዣና ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጋር ይመጣል።

ቀጥሎ ፍራሽ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ያገለገለ ፍራሽ በነፃ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ፣ ትኋን አንዴ ከገባ ያጠራቀማችሁትን ሁሉ ይበላዋል። ፉል የሚሉት 54 በ75 ኢንች ነው፣ ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ኩዊን 60 በ80 ነው። አንሶላም በዚሁ ስም ስለሚሸጥ ልካችሁን ያዙ። አልጋው ይቆይ። እኔ ሁለት ወር ፍራሹን ምንጣፍ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ በአዲስ ዋጋ መግዛት ግን ብር መጣል ነው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ በነፃ የሚሰጥ ዕቃ ሞልቷል፣ በተለይ ወር መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቤት ሲለቅ። ግንቦት ላይ ተማሪዎች ሲወጡ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ አካባቢ ዞር ዞር በሉ። ጉድዊል የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ለሳህንና ለድስት ጥሩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኤ ዋይደር ሰርክል የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የቤት ዕቃ በነፃ ይሰጣል፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ጠይቁ።

እንጨትና ብረት በሳሙና ይታጠባል፣ ጨርቅ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ሶፋውን ገልብጡት፣ የስልካችሁን መብራት አብሩና ስፌቱን ተከትላችሁ እዩ፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ብናኝ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ነው፣ ባለቤቱን አመስግናችሁ ውጡ። መጋረጃና የትራስ ልብስ፣ ቤት ሳይገባ፣ በቀጥታ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ፣ በከፍተኛ ሙቀት፣ 30 ደቂቃ።

ደግሞ ሜትር ያዙ። በ60 ዶላር የገዛሁት ሶፋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ከወጣ በኋላ በር ላይ እምቢ አለ። ሁለት ጓደኞቼ እስካሁን ያነሱብኛል። የጭነት መኪና ኪራይም 19.95 ዶላር የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ አትቸኩሉ፣ በየማይሉ የሚቆጠር ተጨማሪ ክፍያ አለበት።

«ክሬዲት አያስፈልግም፣ ዛሬውኑ ይውሰዱ» የሚሉ ሱቆች አሉ። ወርሃዊው ክፍያ ትንሽ ይመስላል። በወራቱ ብዛት አባዙትና ድምሩን እዩት፣ ያኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ መቀመጥ ይጣፍጣችኋል።

ልጅ ካላችሁ፣ ጎኑ ወደታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ሕፃናት ስለሞቱበት ከ2011 ጀምሮ መሸጡ ተከልክሏል። ረጅም ባለመሳቢያ ቁም ሳጥንም ግድግዳ ላይ ይታሰር፣ ልጅ ሲንጠላጠልበት ይወድቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአገር ቤት ተሸክማችሁ አትምጡ። የኛ 220 ቮልት ነው፣ የዚህ 120፣ ሙቀቱ ሲሶ እንኳ አይደርስም። ብዙ ሐበሻ ቤት የምታዩት ክብ ምጣድ ኖርዌዮች ሌፍሰ ለሚሉት ቂጣቸው አዮዋ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ያገለገለም ስለሚገኝ ሰፈር ውስጥ ጠይቁ። ከአገር ቤት ይልቅ ጀበና፣ ሲኒና ጋቢ ይምጣ። ሲኒውን በጋቢው ጠቅልሉት፣ ጋቢው በኋላ የሶፋውን ጉድ ይሸፍናል። ቡና ስትቆሉ ግን መስኮት ክፈቱ፣ የጭስ አላርሙ ጎረቤት ይሰበስባል።

በመጨረሻ ዘመድ ቤት ሊያይ ሲመጣ «ምን ላምጣ?» ይላችኋል። ይሉኝታ ይቅር፣ የጎደለውን በስሙ ጥሩ። እኔ «ኧረ ምንም!» ብዬ አራት ሙሉ የብርጭቆ ስብስብ ደረሰኝ፣ በማግስቱ ቢላዋ ለመግዛት ወጣሁ።