ጊታሩ ተቃኝቷል፣ ኮርዱ ግን አልተቃኘም

ክሩ አዲስ ነው፣ አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ ቱነሩም (የቃና መለኪያው) ይሠራል ብዬ ልጀምር። እነዚህን ያላያችሁ መጀመሪያ እነሱን ጨርሳችሁ ኑ።

ክፍት ክሮቹ (ጣት ያልተጫናቸው) ልክ ናቸው፣ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያዝ ግን ይበላሻል

ጊታር ስጠግን እጄ ላይ የሚመላለሰው ይሄ ነው። ሰውየው ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ባለቀ አሮጌ ጊታር ለዓመታት ተጫውቶ ጃምቦ (ትልቅ) ፍሬት ያለው አዲስ ይገዛል፣ በሳምንቱ "ፋብሪካው አጭበረበረኝ" ብሎ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩ ምንም አልሆነም።

ቀጭኑ የድሮ ፍሬት ከፍታው 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጃምቦው 1.4 ገደማ። ልዩነቱ ሦስት ወረቀት ቢደራረብ ነው፣ ጣት ግን ያውቀዋል። አጭሩ ፍሬት ላይ ጣታችሁ ቶሎ እንጨቱ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በላይ ብትጨፈልቁትም የትም አይሄድ። ረጅሙ ላይ ግን ክሩ ፍሬቱን ከነካ በኋላም የሚወርድበት ክፍተት አለ፣ በወረደ ቁጥር ይወጠራል፣ በተወጠረ ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላል። ኮርድ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ጣት እኩል ስለማይጫን አንዱ ክር ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ይወጣል።

አንድ ልጅ አንዱን ጊታር ሦስቴ መለሰልኝ። መጀመሪያ ኢንቶኔሽኑን፣ ማለትም ክሩ በየፍሬቱ ልክ ቃና እንዲሰጥ፣ አስተካከልኩ። ቀጥሎ ክር ቀየርኩ። በሦስተኛው ጊታሩን ትቼ እጁን አየሁ። ዲ ኮርድ ሲይዝ የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆነ፣ ሲለቅ ክሩ የቀበረው መስመር ቁልጭ ብሎ ቀረ። ተቀብዬው ያንኑ ኮርድ ያዝኩ፣ ልክ ነው። አኮረፈኝ።

መፍትሄው ይሄ ነው። ሦስተኛው ክር ላይ፣ አምስተኛው ፍሬት ጋ ጣታችሁን ሳትጫኑ አሳርፉና ምቱት። ይታፈናል። ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድንገት ይጠራል። እዚያው ቁሙ፣ የሚበቃው ያ ነው። አሁን ደግሞ በሙሉ ጉልበታችሁ ተጭናችሁ የቱነሩን መርፌ እዩት፣ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህንን በየቀኑ አምስት ደቂቃ ሥሩ። ጣታችሁ ከፍሬቱ ኋላ ይጠጋ፣ ላዩ ላይ ግን አይውጣ። የክራችሁ ውፍረት ቁጥር 9 ከሆነ ወፈር ያለውን 10 ማድረግ ይረዳል፣ እጁን ግን አይተካም።

እባካችሁ ፍሬቱን በብርጭቆ ወረቀት "ዝቅ ላድርገው" አትበሉ! እንዲህ የተደረገበት ጊታር መጥቶልኝ ያውቃል፤ ፍሬቶቹ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ካንዱ የማይገናኝ። ሁሉንም ነቅዬ እንደ አዲስ ከመትከል በቀር ያደረግኩለት ነገር የለም።

ጣት ያማል፣ ኤፍ ኮርድ አልያዝ ይላል

ሁሉም ፍሬቱን ይከሳል። እኔ ናቱን (የአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ) አያለሁ። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ጭላንጭሉ በጭንቅ ከታየ ደህና ነው፣ ሰፊ ከሆነ የናቱ ጎድጓዳ ከፍ ብሏል። ርካሽ ጊታሮች ላይ የሚለጠፈው ውስጡ ባዶ የፕላስቲክ ናት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ማን እንደሚለካው እንጃ። ጎድጓዳውን በክሩ ውፍረት ልክ በተሠራ ሞረድ ያስወርዱላችሁ። በብረት መጋዝ አትሞክሩት፤ አንዴ ከጠለቀ ክፍቱ ክር ይንጫጫል፣ አዲስ ናት ነው መፍትሄው።

ቤንድ (ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ሲደረግ ጣት ክሩን ይስታል

ፍሬቱ አጭር ነው ወይም አልቋል። የጣት ሥጋ እንጨቱን ስለሚፈትግ ክሩ ያመልጣል። ከፍ ያለ ፍሬት ማስተከል ነው። ስፋቱ አያታልላችሁ፣ ጫናን የሚቀይረው በዋናነት ከፍታው ነው። ፍሬት ከሚሠራበት ብረት፣ ኒኬል ሲልቨር በስሙ ብር ይመስላል እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ስቴይንለስ ስቲል ከሱ ጠንከር ስለሚል ቶሎ አያልቅም፣ ሞረዴን ግን ይበላዋል።

ስላይድ (ጣትን ክሩ ላይ ማንሸራተት) ሲደረግ እንደ ደረጃ ይገጫል

ረጅም ፍሬት ጠባዩ ነው። እጃችሁ ሲቀል ይቀንሳል።

የፍሬቱ ጫፍ መዳፍ ይቧጭራል

እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል። ጫፉ ይሞረዳል፣ ሌላ ነገር አትንኩ።