ምጥ ክፍል አብሯት የሚገባውን ሰው ቀድማችሁ ወስኑ

ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ምጥ ላይ ማን አጠገቧ እንደሚሆን ቀኗ ሳይደርስ ይታወቅ። ምርጫው የእሷ ነው፤ ባሏ፣ እናቷ፣ እህቷ፣ የምታምናት ጎረቤትም ትሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ መመሪያ ይህንኑ ይመክራል። በእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ላይ ሰው ያስገቡ እንደሆነ ጠይቁ። ክፍሉ የጋራ ሆኖ መጋረጃ ከሌለው ወንድ ላይፈቀድ ስለሚችል ተተኪ ሴት አዘጋጁ።

ነገሩ ማጽናናት ብቻ አይደለም። ስትፈራ አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይበዛል፤ ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ይቀንሳል፤ ምጡም ሊጓተት ይችላል።

የገባው ሰው ምን ይሥራ? ምጡ ሲመጣ ከመቀመጫዋ በላይ ያለውን የጀርባ አጥንት በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ ይጫን፣ ሲለቃት ይልቀቅ። ትንፋሿን ቀስ ብላ እንድታስወጣ አብሯት ይተንፍስ። አዋላጇ ካልከለከለች በየመሃሉ ውሃ ፉት ትበል፣ ትራመድ፣ ስትተኛ በጎኗ ትሁን። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ሽንት ቤት ይውሰዳት፤ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን መውረድ ያውካል (ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል)።

«ግፊ!» የሚለው ትእዛዝ የአዋላጇ ነው። የማህፀን በር 10 ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት መግፋት ጉልበቷን ይጨርሳል፣ በሩንም ሊያሳብጥ ይችላል። ሆዷን መጫንማ ፈጽሞ አይሞከር። የእገሊትን ክፉ ወሊድ የሚያወራ ዘመድ ከመጣ ደግሞ ቤት ሄዶ የገንፎውን ዱቄት ቢያዘጋጅ ይሻላል።