ቴዎቶኮስ የሚለው የግሪክ ጥምር ቃል እንዴት ይፈታል?

ጥንታዊው ግሪክኛ ሁለት ቃላትን የሚያጣምርበት ደንብ አለው፤ ደንቡን የያዘ ሰው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ወደ ትርጉሙ ሊጠጋ ይችላል። እኛ «ወላዲተ አምላክ» በምንለው በቴዎቶኮስ እንየው።

መጀመሪያ መጋጠሚያውን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የሚያያይዘው «ኦ» የሚለው ድምፅ ነው፦ ቴዎ እና ቶኮስ። ቴዎስ አምላክ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ንስጥሮስ «ክርስቶቶኮስ» የሚለውን ሲመርጥ የለወጠው ይህንኑ የፊተኛውን ክፍል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የኋለኛውን ክፍል ይመርምሩ። «ወለደ» የሚለው ግስ ሥር «ቴክ» ነው፤ ከግስ ስም ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ኤ» ወደ «ኦ» ስለሚዞር «ቶክ» ይሆናል። ቶኮስ ለብቻው ሲቆም መውለድ ወይም ልጅ ማለት ነው፤ የብድር ወለድም በዚሁ ቃል ይጠራል። የእኛም «ወለድ» ከ«ወለደ» መውጣቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ፈጽሞ አይዘለልም፦ ድምፁ ከፍ የሚልበትን ቦታ የምታሳየውን ጭረት ይመልከቱ። እንዲህ ባለ ጥምር ቃል ጭረቷ «ቶ» ላይ ካረፈች ትርጉሙ «አምላክን የወለደች» ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ተሻግራ «ዎ» ላይ ካረፈች ግን «ከአምላክ የተወለደ» ይሆናል። ሊቶቦሎስም እንደዚሁ ነው፤ «ቦ» ላይ ከፍ ሲል ድንጋይ ወርዋሪ፣ «ቶ» ላይ ሲሆን በድንጋይ የተወገረ። ፊደላቱ አንድም ሳይለወጡ አድራጊው ተደራጊ ይሆናል! ጭረት በሌለው ጽሑፍ ላይ ታዲያ ዐውዱን ከማንበብ ሌላ መንገድ የለም።

መጨረሻው «ኦስ» ስለሆነ ወንዴ ነው ብለው አይቸኩሉ። አብዛኞቹ ጥምር ቅጽሎች ለወንድም ለሴትም አንድ ቅርጽ አላቸው፤ ሴት መሆኗን የሚናገረው ከፊት የሚቆመው «ሄ» የሚለው አመልካች ነው። ግእዝ ግን ጾታውን በራሱ በቃሉ ውስጥ ያኖራል፦ ወላዲ፣ ወላዲት።

አሁን ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ። ግሪኩ አምላክን ያስቀድማል፤ ግእዙ ወላዲትን አስቀድሞ «ት»ን ወደ «ተ» በመለወጥ ከአምላክ ጋር ያናብባታል፤ ማለትም ያያይዛታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግሱ ከኋላ ሲሆን ነው። ፈረስ ወዳድ ማለት በሆነው በፊልጶስ ውስጥ መውደድን የሚገልጸው «ፊል» ከፊት ስለመጣ፣ ንባቡም ከፊት ይጀምራል።