በአፈርና በውኃ ላይ ለሠራነው በደል ንስሐ እንዴት እንገባለን?

የጅማ ምእመን ለኑዛዜ ሲዘጋጅ ሐሜቱን፣ ቁጣውንና የሻረውን ጾም ያስታውሳል፤ ወደ አዌቱ ወንዝ የጣለውን ፌስታል ግን ከኃጢአት አይቆጥረውም። ይህ ጽሑፍ ያንንም ከኃጢአታቸው ጋር ለመቁጠር ለሚሹ ነው።

አስቀድመው ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15ን ያንብቡ። አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነበርና፣ ምድርን መግዛት ማለት አደራ መቀበል ነው። ቀጥሎ ሆሴዕ ምዕራፍ 4ን ይመልከቱ፤ ነቢዩ ከሰው ሐሰትና ስርቆት የተነሣ አራዊት፣ ወፎችና ዓሦች ሳይቀሩ እንደሚያልቁ ይናገራል። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስም እ.ኤ.አ. በ1997 ውኃን፣ ምድርንና አየርን ማበላሸት ኃጢአት መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል።

ከዚያ ራስዎን ይመርምሩ። «ተፈጥሮን በድያለሁ» ማለት አይበቃም፤ የትኛውን ወንዝ፣ የትኛውን ዛፍ፣ መቼ? ለምሳሌ ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ውኃ ስኳር የበዛበት ስለሆነ፣ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ስኳሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል። እኔም በአንድ የለቀማ ወቅት የቡናውን ልጣጭ ጅረት ዳር ከመርኩት፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ጠርጎ አስገባው። በማግስቱ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ይዛ ወረደች፤ ጎንበስ ብላ ውኃውን አሸተተችና ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ኃጢአቱ በውኃው ብቻ ሳይሆን በእርሷም ላይ እንደተሠራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ በዝርዝር ይናዘዙ፤ ይህ ሥርዓት በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ያሉም በጸሎት ለእግዚአብሔር ይናዘዙ። ከወንዙ በታች በኩል ያለውን ጎረቤትም ይቅርታ ይጠይቁ። በእኛ በጅማ ያ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው፤ የበደሉትን ሰው ለመካስ ግን ሃይማኖቱ አይጠየቅም።

የሚከብደው ካሳው ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ ሁሉ፣ እርስዎም ያበላሹትን ለመመለስ ይነሡ። ልጣጩን ከጅረቱ አርቀው ከቅጠልና ከእበት ጋር በንብርብር ይከምሩት፤ ውስጡ እንዳይታፈን እየደጋገሙ ያገላብጡት፤ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ለቡናው ተክል ማዳበሪያ ያድርጉት። ዛፍ ቆርጠው ከሆነ፣ ጉድጓዱን ከክረምት በፊት ቆፍረው የላይኛውን ለም አፈር ለብቻው ያስቀምጡና በሐምሌ ዋንዛ፣ ብሳና ወይም ሰሳ ይትከሉ፤ ምንጭ አጠገብ ግን ባሕር ዛፍ አይትከሉ። ችግኙን ከፍየል ያጥሩለት፤ በመጀመሪያው በጋም ውኃ ያጠጡት። ለንስሐ አባትዎ የተከሉትን ብዛት አይንገሩ፤ ሁለተኛውን በጋ የተሻገሩትን ቆጥረው ይንገሩ።