ሞተሩ በተቀየረ ዲኤክስ ላይ የውድድር ፍሪሲዮንና ቮላኖ፦ ችግርና መፍትሄ

ሞተሩ ተቀይሮ የውድድር ፍሪሲዮን የገባለት ዲኤክስ ኮሮላ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ሸራው (ተጨብጦ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ዲስክ) ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የልክ ነው። ከፊት ጎማ ነጂ መኪና የወጣ የቶዮታ ፎር ኤጂ 20 ቫልቭ ሞተር፣ ለኋላ ጎማ ነጂ መኪና የተሠራ ቲ50 ካምቢዮና ለብቻው የተገዛ ቮላኖ (ከሞተሩ ኋላ ታስሮ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) እያንዳንዳቸው ደህና ሆነው አብረው ላይሠሩ ይችላሉ።

ከመግጠምዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ የሸራው ጥርስ የሚመረጠው በካምቢዮው ዘንግ ነው፣ ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት ደግሞ በቮላኖው። 20 እና 21 ጥርስ በዓይን ስለማይለዩ ይቁጠሩ፤ ሸራውንም ዘንጉ ላይ በእጅ አንሸራተው ይሞክሩት። የቮላኖ ብሎን ቀዳዳም በዚህ የሞተር ቤተሰብ 6ም 8ም አለ።

ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ አይገባም፣ የኋላ ማርሽ ይፋጫል

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ከገባ፣ ሲነሳ ግን ከተፋጨ፣ ፍሪሲዮኑ እየለቀቀ አይደለም። ካምቢዮውን ለማውረድ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ከፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥልዎ የታችኛው ፖምፓ (ካምቢዮው ጎን ያለው) ዘንግ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገፋ ይለኩ። የላይኛው ፖምፓ (ፔዳሉ ጋ ያለው) የውስጥ ስፋት 15.87 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 20.64 ከሆነ፣ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲገፋ ታች 17.7 ብቻ ይወጣል። የላይኛውን በ17.46 ቢለውጡት 21.5 ይደርሳል፤ በምላሹ ፔዳሉ በ21 በመቶ ይከብዳል። የውድድር ፕሬዠር ፕሌት ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ይህ ክብደት እግር ላይ በደንብ ይታወቃል።

ዘንጉ በቂ ገፍቶ ፍሪሲዮኑ አሁንም ካልለቀቀ ነገሩ ውስጥ ነው። ቮላኖው ከፋብሪካው ከቀጠነ ፕሬዠር ፕሌቱ ወደ ሞተሩ ይጠጋል፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ሊደርስበት ሲል ኩሽኔታውን የሚገፋው ፎርኬታ ከልኩ በላይ ያዘነብላል፣ ጉዞው ከመጀመሪያው ይባክናል። ሸራና ፕሬዠር ፕሌቱ እንደታሰሩ ከሞተሩ የኋላ ፊት እስከ ፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች ጫፍ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ የፋብሪካውን ዕቃ አስረው ደግሞ ይድገሙት። ልዩነቱን ፎርኬታው በሚያርፍበት ጉልላት ሥር በሮንዴላ ይሙሉ። በዚያው ሸራው ተገልብጦ እንዳልገባ፣ መሃሉም የቮላኖውን ብሎን ራስ እንደማይነካ ይመልከቱ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን በክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ የምትገባውን ትንሿን ኩሽኔታ ነው። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ካምቢዮ ዘንግ እዚያ ስለማይደርስ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ያለ እሷ ይመጣል። የቲ50 ዘንግ ግን አፍንጫው እሷ ላይ ካላረፈ ይዋልላል፣ ሸራውን ይጎትታል፣ ውሎ አድሮ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይጨርሳል። የቀዳዳውን ውስጥና የዘንጉን ጫፍ በካሊፐር ለክተው በዚያ ልክ ይግዙ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቶርኖ ቤት የነሐስ ቀለበት ያስወጡለት። ያለ እሷ ካምቢዮውን አይስቀሉ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይፈጥንም

በ4ኛ ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ከቀረ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ወዲያው ጠንካራ ሞላ ፍለጋ መሄድ ስህተት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ፍሪሲዮኑ የሚሸከመው ጉልበትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ) ይፈትሹ፣ ዘይት የነካውን ሸራ ይጣሉ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነፃ ጉዞ ይኑረው። በመጨረሻም ቶርኖ ቤቱን ይጠይቁ፦ ሸራው የሚያርፍበት ገጽ ብቻ ተልጦ ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ገጽ ከቀረ፣ ሞላው ይላላል። ሁለቱም እኩል መላጥ አለባቸው።

ሲነሳ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል

በቁራጭ የተሠራ የሴራሚክ ሸራ ጠባዩ ነው፣ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። ቃሊቲ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ እየተሳቡ ለሚውሉ ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ ሸራ ይሻላል ብለን በጽኑ እናምናለን። የሚጠፋው ደግሞ ቀላል ቮላኖ ጉልበት ስለማያጠራቅም ነው፤ የእንጦጦ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ይህን ቶሎ ያሳያል። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዙር በደቂቃ ወደ 1,000–1,100 ያሳድጉ። ካልበቃ ቮላኖው ለመንገድ በጣም ቀሏል።

ዙሩ ሲጨምር የሚጨምር ንዝረት

መኪናው ቆሞ ማርሽ ሳይገባም ካለ፣ ከቮላኖ ወይም ከፕሬዠር ፕሌት ነው። የቮላኖው ገጽ ሲዞር ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ መወላወል የለበትም፣ ሸራው ከ0.8። ፕሬዠር ፕሌቱን መሃል የሚያስይዙት ፒኖች መኖራቸውን አይተው ሁለቱን አንድ ላይ ሚዛን ያስይዙ። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተፈሰሰውን (ካስት አይረን) የፋብሪካ ቮላኖ ለማቅለል ብለው በቶርኖ አያሳሱ፣ አያስበይዱም፤ በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል፣ ስብርባሪው የሚመጣውም ወደ ሾፌሩ እግር ነው። ቀላል ከፈለጉ ቀላል ሆኖ የተሠራ የአረብ ብረት (ስቲል) ቮላኖ ይግዙ።

ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከተፋጨ የቮላኖውን የዙሪያ ጥርስ ቁጥርና ጥልቀት ከሞተሪኖው ጥርስ ጋር ያመሳክሩ።

ሲያስሩ የቮላኖ ብሎኖች ለፎር ኤጂ 74 ኒውተን ሜትር፣ የፕሬዠር ፕሌቱ 19፣ ሁሉንም በመስቀል ቅደም ተከተል ደረጃ በደረጃ። ቮላኖው ከሌላ አምራች ከሆነ የአምራቹ ልክ ይቅደም። ኦርጋኒክ ሸራ ከገባ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ በለዘብታ ይንዱት፤ የሱሉልታን ዳገት በሙሉ ነዳጅ የሚሞክሩት ከዚያ በኋላ ነው።