አሮጌ ማሲ ትራክተር ግቢ ውስጥ ስናድስ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሰላ፣ ቤተሰቦቼ ግቢ፣ ጥድ ዛፉ ሥር አንድ ማሲ ፈርጉሰን 135 ቆሟል። አጎቴ ከአንድ እርሻ በጨረታ የገዛው ነው። ሲመጣ ቀዩን ቀለም ፀሐይ በልቶት ሮዝ መስሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ሞተሩ አይዞርም። ዛሬ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ቀለሙም ከሩቅ ይጣራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራን ሁለት ዓመት ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጊዜ የሄደው ራሳችን ያበላሸነውን ስናስተካክል ነው። እናንተ ያንን ግማሽ እንድትቆጥቡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለ መኪናው በአጭሩ። ማሲ 135 በ1964 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ወጣ። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። አብዛኞቹ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አላቸው። ክብደቱ አንድ ተኩል ቶን ገደማ ነው። ቀላል፣ በእጅ የሚፈታ፣ ብዙ የማያስቸግር ማሽን ነው። ቤት ውስጥ ማደስ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ከቀለም መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኛም ሠርተነዋል። አጎቴ ትራክተሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቀይ ቀለም ገዝቶ መጣ። ልጆቹ ተደሰቱ፣ እኔም ተደሰትኩ። ኮፋኖውንና (የሞተሩን ክዳን) ፓራፋንጎውን (የጎማውን ጭቃ መከላከያ) አጥበን ቀባን። አማረ። ከወር በኋላ ሞተሩን ልንፈታ ስንገባ ኮፋኖው ወረደ፣ ተፋቀ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ፓራኦሊ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ከሚይዘው ጎማ፣ የሚወርደው ዘይት ደግሞ ከሥር ያለውን ቀለም እንደ ልጣጭ አነሳው።

ዘይት የሚያንጠባጥብ ብረት ላይ ቀለም አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ። ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ፣ ሃይድሮሊኩ ይሞከር። የሚያፈሰው ፓራኦሊ ይቀየር። ከዚያ ጥቂት ቀን አሠርታችሁ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ካደረ ስለ ቀለም ማውራት ይቻላል።

የኋላውን ዘይት ሳታዩ አትለፉ። የማሲ ሃይድሮሊክ ፖምፓ ያለው ኋላ አክስሉ ውስጥ፣ ካምቢዮው በሚጠቀምበት በዚያው ዘይት ተዘፍቆ ነው። ክረምት ከበጋ ሜዳ ላይ የቆመ ትራክተር በካምቢዮ ማርሹ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል። የኛ ዘይት ሲቀዳ ሻይ በወተት ነበር የሚመስለው።

ፎቶ ሳያነሱ መፍታት

ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ከሁለት አቅጣጫ አንሱ። ቡሎንና ዳዶውን በትንንሽ ፌስታል እያሰራችሁ ወረቀት ላይ «የራዲያተር፣ የላይኛው» ብላችሁ ጻፉ። እኛ ሁሉንም አንድ የቀለም ጣሳ ውስጥ ከተትን። በዚያ ላይ የድሮ እንግሊዝ ትራክተር ቡሎን በኢንች ነው የተሠራው፤ ሰፈር ሱቅ ያለው ደግሞ በሚሊሜትር። ተቀራራቢ ነው ብሎ አስገድዶ ያስገባ ሰው የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል።

ድንጋይ ላይ ማቆም

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ነው።

ይህ ትራክተር እንደ መኪና ሻሲ የለውም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ እርስ በርስ በቡሎን ተያይዘው ነው አካል የሚሆኑት። ፍሪሲዮን ለመቀየር ትራክተሩ መሀል ለመሀል ለሁለት ይከፈላል። የፊት አክስሉ ደግሞ መሀሉ ላይ ባለ አንድ ፒን ነው የተንጠለጠለው፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ እንዲወዛወዝ ታስቦ ነው። እንግዲህ ለሁለት ሲከፈል የፊተኛው ግማሽ በዚያች ፒን ላይ ወደ ጎን መገልበጥ ይችላል። ስለዚህ ቡሎን ሳይላላ በፊት በአክስሉና በሞተሩ መቀመጫ መካከል በግራም በቀኝም ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ከሞተሩም ከካምቢዮውም ሥር የብረት ማቆሚያ ይደረጋል።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ብሎኬት ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። አፈር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከማቆሚያው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፤ ማታ የጣለ ዝናብ ጠዋት ያንን እግር ያሰምጠዋል። የኋላ ጎማ ከመፍታታችሁ በፊትም ውስጡ ውኃ ይኑር አይኑር እዩ። እርሻ ላይ ክብደት እንዲጨምር ጎማው ውስጥ ውኃ ይሞሉ ነበር። እንዲህ ያለ ጎማ ሲወድቅ ሦስት ሰው አያቆመውም።

የተጣበቀን ሞተር በጉተታ ማስነሳት

«በሌላ ትራክተር ጎትተን ማርሽ እናስገባለት» ያላለን ጎረቤት የለም። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሲጎተት ወይ ቀለበቱ ይሰበራል፣ ወይ ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል።

ለዚህ ሥራ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ መጡልን። ናፍጣ የሚረጩትን ኢኛቶሪዎች አውጥተው በየቀዳዳው ናፍጣና ቀጭን ዘይት ደባልቀው አፈሰሱ። «በቃ፣ ተዉት» አሉ።

«እስከ መቼ ጋሼ?»

«እሱ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ልጄ።»

በየማታው ትንሽ ጨመርንበት። በዘጠነኛው ቀን ፊት ያለውን ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርበትን መዘውር) በቁልፍ ይዘው ገፋ መለስ አደረጉት። የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰች። ያቺን ድምፅ አልረሳትም፤ ደረቅ እንጀራ ሲሰበር ነው የምትመስለው። ከዚያ ወዲያ እንኳ አላስቸኮሉንም። ኢኛቶሪዎቹ ሳይገጠሙ ሞተሩን በእጅ አዙረው ፈሳሹን በሙሉ አስወጡ። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ቀርቶ ሞተር ከተነሳ ቢዬላ ያጣምማል።

ቅባቱን ሳያነሱ መፋቅ

የሃምሳ ዓመት ግራሶ፣ አፈርና ናፍጣ ተጋግሮ ሁለት ጣት ይወፍራል። ብዙ ሰው ቀጥታ የሽቦ ብሩሽ ይዞ ይገባበታል። ብሩሹ ቅባቱን አያነሳውም፤ ብረቱ ላይ ይለቀልቀዋል። ቀለም ሲነፋበት ዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይሸሻል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በእንጨት ወይም በስቱኮ መለጠፊያ ወፍራሙን አንሱ። ናፍጣ ቀብታችሁ አሳድሩት። በኦሞና በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት። ከዚያ በኋላ ነው ብሩሹ። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሳችሁ ጥረጉ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሱት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድገሙት። እኔ አንድ አሮጌ አንሶላ ጨርሻለሁ።

ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማጠብም ጥሩ ነው፣ ግን ሞተሩ በርዶ። እየሠራ ያለ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከተረጨ ውጪው ብረት ቶሎ ይኮማተርና ውስጥ የሚዞረውን ይነክሰዋል። ዲናሞውን በፌስታል ሸፍኑት። የራዲያተሩን ክንፍ በቅርብ አትምቱት፣ ይተኛል።

አሸዋ በኮምፕሬሰር እየነፉ ዝገት ማንሳት ለቸርኬና ለፓራፋንጎ ይሆናል፤ ለተገጣጠመ ሞተርና ካምቢዮ ግን በፍጹም። አሸዋው በፓራኦሊው ሾልኮ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ለሳንባም መርዝ ነው።

አቧራውን መናቅ

የዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል። በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ይበናል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካችሁ ፋቁ፣ ጭምብል አድርጉ፣ ልጆቹን ከግቢ አውጡ። የድሮ ፍሬን ሸራም አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላልና በኮምፕሬሰር አትንፉት። በርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ነጭ ብረት ማሳደር

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፋቅን። ኮፋኖው እንደ ብር ሳህን አበራ። ደክሞን ነበር፤ «አንቲራስቱን (ዝገት የሚከላከለውን የመጀመሪያ ቀለም) ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንቀባለን» ብለን ገባን። አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ጤዛ አለው። ጠዋት ኮፋኖው ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰ መስሎ ብርቱካናማ ዝገት ወጥቶበታል። በዓይን ብዙም አያስታውቅ ይሆናል፣ በጣት ግን ይሻክራል። እዚያ ላይ ከቀባችሁ ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። በአንድ ቀን ፍቃችሁ በዚያው ቀን አንቲራስት መቀባት የምትችሉትን ያህል ብቻ ፋቁ። አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ከሆነም አንድ ፓራፋንጎ።

ስቱኮን በተመለከተ ባጭሩ፦ የተጎዳውን ቆርቆሮ ባቲላሜራ ጋ ወስዳችሁ አስቀጥቅጡ። ስቱኮ ለጭረት ነው። ጣት የሚያክል ስቱኮ በማሲ ንዝረት አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ቀለምና ቲነሩን ማደበላለቅ

ፊት መብራቱ ላይ ያለውን ቀለም አልፋቅነውም፣ ደህና ነው ብለን። ከላይ በናይትሮ ቲነር የቀጠነ ቀለም ነፋንበት። ዓይናችን እያየ እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማተረ። የሥሩ ሲንተቲክ ነበር፤ ናይትሮ ሲንተቲክን ይቀቅለዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው። የማይታይ ጥግ ላይ በቲነር የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡ። የሥሩ ቀለም ካበጠ ወይም ከተሸበሸበ ወይ ሙሉ በሙሉ አንሱት፣ ወይ ከሱ ጋር የሚስማማ ቀለም ምረጡ። አንቲራስት፣ ቀለምና ቲነር ከአንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል።

ማጠንከሪያ የሚደባለቅበትን የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ አትንፉ። ውስጡ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል አስም ያመጣል፣ ተራ ጭምብልም አያስቆመውም። ለእርሻ ትራክተር ሲንተቲክ ይበቃል። ፋብሪካውም የመስታወት ዓይነት ማብረቅረቂያ አልሰጠውም ነበር።

የተሳሳተ ቀንና ሰዓት

አርሲ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ለቀለም የተመቸ ይመስላል። ግን አጨዳ ነው። ኮምባይነር ሦስት ማሳ ርቆ እየሠራ የስንዴው እብቅ በነፋስ መጥቶ ርጥቡ ቀለም ላይ ተሰካ። አሁንም የግራ ፓራፋንጎ ላይ በጣት ከዳሰሳችሁት ይገኛል። ከአጨዳ በኋላ ጠብቁ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። መሬቱን ውኃ አርከፍክፉበት። የኮምፕሬሰሩን ውኃ አፍስሱ። ከብረቱ አንድ ስንዝር ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ ንፉ፤ ሩብ ሰዓት ቆዩና ድገሙ። ሦስት ስስ ንብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፣ ወፍራሙ እንደ እንባ ይወርዳል።

የግራሶ መግቢያዎቹን፣ የናፍጣ ታንከር ክዳን መተንፈሻውን፣ የራዲያተሩን ክንፍና ቺንጊያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ቀለም የደፈነው የግራሶ መግቢያ ግራሶ አይቀበልም።

ባዶ ታንከር መበየድ

«ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል በያጅ ካገኛችሁ ታንከሩን ይዛችሁ ውጡ። የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው የነዳጅ ትነት ነው። ትራክተሩ ላይ ሌላ ነገር ሲበየድም የባትሪውን ገመድ ፍቱ። ስትመልሱት ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከድሮ የእንግሊዝ ትራክተሮች ብዙዎቹ ቦዲያቸው የሚታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነበር።

ቁጥሩን ማጥፋት

ክሩስኮቱ (የጌጆቹ ሰሌዳ) ላይ ያለችው የሴሪ ቁጥር ሳህን ቀለም እንዳይነካት ሸፍኑ። ዕቃ ስትገዙ የምትጠየቁት እሱን ነው።

እኔን ግን እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ቁጥር ነው። የቀኙን ፓራፋንጎ ስፍቅ፣ ሁለት ቀለም ወርጄ፣ በነጭ የተጻፈ የእርሻ ንብረት ቁጥር ወጣ። በእጅ የተጻፈ፣ ትንሽ የተንጋደደ። ፎቶ አንስቼ መፋቄን ቀጠልኩ።

አጎቴ ማታ ፎቶውን ሲያይ ዝም አለ። እሱ ልጅ ሆኖ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ ሥራ ጀምሮ ነበር። ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ያስነሱበትን ጊዜ ያውቀዋል፤ ከተነሱት የእናቱ ወንድሞች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅም ያስታውሳል። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች የመንግሥት ሲሆኑ በየፓራፋንጎው እንዲህ ያለ ቁጥር ተጻፈ። ለኔ አሮጌ ቀለም የነበረው ለሱ አንድ ዘመን ነው።

ሠዓሊ አልጠራንም። ፎቶውን በስልክ አጉልተን፣ ካርቶን ላይ በእርሳስ ቀድተን፣ በምላጭ ቆርጠን፣ አጎቴ ራሱ በነጭ ቀለም ነካ ነካ እያደረገ ጻፈው። የተንጋደደችውንም ቁጥር እንደተንጋደደች ተዋት።