የእቴቴ ሳጥን፦ የቤተሰብ መታሰቢያ አልበም አዘገጃጀት

አልበም ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ጥድፊያ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ እንጀራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማህደር ስከፍት፣ የጠፋ ሰነድ ስፈልግ ነው የምውለው። ባለቤቱ ያልታወቀ ወረቀት የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀመጥ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። የቤተሰብ ፎቶም እንደዚያው ነው። ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች ባማረ አልበም ከሚደረደሩ፣ ስማቸው ተጽፎ በጫማ ካርቶን ቢቀመጡ ይሻላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአረጋዊው አፍ ነው፤ መቀስና ኮላ በኋላ ይደርሳሉ።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ፎቷቸውን የሚያኖሩት በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከክት ነጠላው ሥር፣ ከዕቁብ ደብተርና ከድሮ ደብዳቤ ጋር። ሳጥኑን አንዴ ገልብጦ ሁሉንም ማየት ያጓጓል፤ ግን ሽማግሌ ያደክማል። በአንድ ቁጭታ አምስት ስድስት ፎቶ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ ስኒውን ብቻ ከፎቶው አርቁት። ስልኩን ክፈቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ እየቀዳችሁ መሆኑንም ንገሯቸው።

«ይሄ ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስም ታገኛላችሁ፣ በቃ። ወሬ የሚያወጣው ዕቃው ነው። ጥላው፣ ቀሚሱ፣ ከጀርባ ያለው መጋረጃ። እቴቴ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ቆመው የተነሱት አንድ ፎቶ አለ፤ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ ሰዓት አለ፣ ክንዱንም ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው አጥፈውታል። «ሰዓቱ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «የእኔ መሰለሽ? የፎቶ ቤቱ ነው። ካፖርቱም የሱ ነው። የእኔ ፊቱ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። ከፎቶው ሥር የጻፍኩት ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። «እቴቴ በወጣትነታቸው» የሚል መግለጫ ማንም ሊጽፍ ይችላል። የእሳቸውን አነጋገር ግን ከቅጂው ላይ እየሰማችሁ፣ ሳታስተካክሉ ገልብጡት። ሁለት አረጋውያንን አንድ ላይ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው፤ ይከራከራሉ። የሁለቱንም ጻፉ፣ ዳኛ አትሁኑ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ብልሃት ያስፈልጋል። «መቼ ነበር?» ለሚል ጥያቄ «ድሮ ነዋ!» ነው መልሱ። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን ወቅት መንጠልጠያ አድርጉ፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት 1983። እቴቴ ልጅ ታቅፈው የተነሱትን ፎቶ ዓመት በቀጥታ አያውቁትም፤ ግን «በታኅሣሥ ግርግር ይቺ ልጅ ዳዴ ትል ነበር፣ ተኩሱን ሰምቼ ይዣት አልጋ ሥር ገባሁ» ይላሉ። እዚያ ፎቶ ላይ ደግሞ ገና እቅፍ ናት። ስለዚህ «1952 ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። «ገደማ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት።

ከውጭ አገር የተላኩ የቀለም ፎቶዎች አንዳንዴ ነጩ ጠርዝ ላይ ወርና ዓመት ታትሞባቸዋል። ያ ፎቶው የታጠበበት ወር እንጂ የተነሳበት አይደለም፤ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ወራት ከርሞ ሊሆን ይችላል። ወደ እኛ ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ቀንሱ። «ኖቬምበር 74» የሚል ካያችሁ ጥቅምት ወይም ኅዳር 1967 ነው። የፎቶ ቤት ማህተም ጀርባው ላይ ካለም ከተማውንና ዘመኑን ለመገመት ስለሚረዳ በኮላም በወረቀትም አትሸፍኑት።

ስም ላይ ጥብቅ ሁኑ። ለአንድ ሰው የዓለም ስሙን ከነአባቱና አያቱ፣ የክርስትና ስም ካለው እሱን፣ የቤት ስሙንም ጻፉ። ብዙ ዘመድ የሚታወቀው በቤት ስሙ ብቻ ነው፤ በሰነድ ላይ ሲፈለግ አይገኝም። ከሁሉ በላይ የምትጠፋው ሴት ናት። የእኛ ስም የሚቆጠረው በአባት ነውና ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እንኳ የአያቱን እናት ሲጠይቁት ይደናገራል። እቴቴን መጀመሪያ ያስቆጠርኳቸው በእናታቸው በኩል ነው፤ የእናት እናት፣ የእሷም እናት፣ የመጡበት አገር። ይህ ገጽ ፎቶ የለውም፤ ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ላስቲክ የሚሸፍነው፣ ገጹ የሚያጣብቅ አልበም በየቤቱ አለ፤ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ፎቶውን ይዞ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ያለውን በጥፍር አትላጡ። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። እምቢ ካለ እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሱት። ፍሬም መስታወት ላይ የተጣበቀውንም እንዲሁ፣ በመስታወቱ በኩል። ላሚኔት ማድረግ ክልክል ነው፤ አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። አግራፍ ይዝጋል፣ ፕላስተር ቢጫ ይሆናል፣ ላስቲክ ማሰሪያ ቀልጦ ይጣበቃል። በፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ይወጋል፣ ቀለሙም ያልፋል። በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ። አዳዲሶቹ ጀርባቸው ላስቲክ የመሰለ ስለሆነ እርሳስ አይዝም፤ ጽሑፉን ከሥሩ ባለው ገጽ ላይ አድርጉት።

ፎቶ ራሱ ኮላ አይነካውም። ማዕዘን መያዣ በቤት ይሠራል፦ ነጭ ወረቀት 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ወርድ አድርጋችሁ ቁረጡ። የረጅሙን የላይ ጠርዝ መሐል ያዙና ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች ወደ ታች አጥፏቸው፤ የታችኛው ጠርዝ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሦስት ማዕዘን ኪስ ይሆናል። አራቱን የፎቶ ጫፎች አስገቡና የኪሱን ጀርባ ብቻ ገጹ ላይ ለጥፉ። ፎቶው በፈለጋችሁ ቀን ይወጣል። ለገጹ አሲድ የሌለው ወረቀት ካገኛችሁ ግዙ። ጋዜጣ ግን በምንም መንገድ ከፎቶ ጋር አይተኛ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ለጥፉ።

ፎቶ ብቻ አትሰብስቡ። ከእቴቴ አልበም እኔ የምወደው ገጽ ላይ ሁለት ወረቀት ነው ያለው። አንደኛው የቆየ የቤት ኪራይ ውል ሲሆን ከሥሩ የእቴቴ የአውራ ጣት አሻራ አለበት፣ ቀለሙ ተዝረክርኳል። ሁለተኛው ከመሠረተ ትምህርት በኋላ የተጻፈ የቀበሌ ማመልከቻ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው፤ እቴቴ ያኔ የልጆች እናት ነበሩ። ማመልከቻው ላይ በትልልቁ፣ ወደ ላይ ሽቅብ የወጣ ፊርማ አለ፤ የስማቸው የመጨረሻ ፊደል ከመስመሩ አልፎ ጽሑፉ ላይ ወጥቷል። ምንም መግለጫ አልጻፍኩበትም፣ ዓመቶቹን ብቻ። የራሽን ካርድ፣ የድሮ መታወቂያ፣ የዕድር ደብተር፣ ከዓረብ አገር የመጣ ደብዳቤ ከነፖስታው፣ ሁሉም ቦታ አለው።

ድምፅ የተቀዳበት የደብዳቤ ካሴት ካገኛችሁ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ ወዲያ በስሕተት አይቀዳበትም።

ሁሉ ነገር ደግሞ አይጻፍም። አንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ሙሽራው በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። «እሱን ተይው» አሉኝ፣ ተውኩት፤ ፎቶው እንደተቆረጠ ገብቷል። በ1969 እና 70፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ የሞተ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ገጹ ይኑር አይኑር፣ ምን ይባልበት የሚለውን ባለ ሐዘኑ ይወስን። መቅዳት አቁማችሁ ሳለ የተነገራችሁን አልበም ላይ አታውሉት።

ኮፒ ሳታወጡ አልበሙን ሳሎን አታስቀምጡ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ አልበም ይቀርብለታል፣ እንግዳውም «ይቺን እኔ ልውሰዳት» ይላል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። የሚሰጥ ትርፍ እትም አዘጋጁ። ትንንሾቹን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርጉ፤ ፎቶ ቤት ከሆነ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ቆማችሁ ተቀበሉ። በስልክ ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከፎቶው ትክክል አግድም ይዛችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱን ይቀንሰዋል። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ዘንድ ይሁን።

ኮፒው የሚያስፈልግበት ሌላም ቀን አለ። ለቅሶ ሲሆን አንዱ ሮጦ ከአልበም ፎቶ ይነጥቃል፣ ለማሳደግ ይወሰዳል፣ ዋናው ተመልሶ አይመጣም። ስንት ቤት ከአልበሙ የጎደለው ገጽ የዚያ ነው። ስለዚህ የሚያድገውን ፎቶ አስቀድሞ መምረጥ ይሻላል፤ ባለቤቱ ቢመርጥ ደግሞ የበለጠ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ ሳነሳው እቴቴ አልደነገጡም። ባለ ካፖርቱን መረጡ። «የመታወቂያውን ግን እንዳታወጡብኝ፤ እስረኛ እመስላለሁ» አሉ። ለወንድሞቼ በሙሉ ፋይሉን ልኬላቸዋለሁ፤ ስሙንም «የመታወቂያው አይደለም» ብዬዋለሁ።